ለበየነ ስም መብራቱ ዝቅ ይላል

አስካለ እምቢ ካለች እምቢ ናት። ጎባ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ከእሷ ጋር ጉዳይ ገጥሞት አያውቅም። በልጅነቷ አባቷ ሴት ልጅ መሰላል ላይ አትወጣም ሲላት፣ መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጫፉ ላይ ወጥታ ምሳዋን እዚያው በላች። አባትየው ከሥር ቆሞ ሲቆጣ ቆይቶ በመጨረሻ ሳቁ መጣና ተዋት። እንግዲህ ያኔ ያልተቀጣ እልህ አሁን ማን ሊቀጣው ነው?

በደርግ ጊዜ የሠፈሩ ወጣት ሁሉ ኪነት ቡድን ሲገባ እሷም ገባች። ግን ለዘፈን ድምፅ የላት፣ ለጭፈራ ወገብ የላት። መብራቱን ስጧት ተባለ። ከመድረኩ ጎን ግድግዳው ላይ ጥቁር መዘውር ያለው ሳጥን አለ፤ ዲመር ይሉታል። መዘውሩን ወደ ግራ ሲያዞሩት የአዳራሹ መብራት ቀስ እያለ ይደክማል፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ቀስ እያለ ይበረታል። ኪነቱ ፈረሰ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ አዳራሹን የሠፈሩ እድር ተረከበው፤ አስካለ ግን ከነመዘውሯ እዚያው ቀረች። ትጠርጋለች፣ ወንበር ትደረድራለች፣ ሙሽራ ሲገባ መብራቱን ታሳምራለች። ጥበቧ ያለው ግን ሠርጉ ላይ አልነበረም።

ያ እድር አንድ ልማድ አለው። በዓመቱ ጉባኤ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መጋረጃው ተዘግቶ የዓመቱ ሟቾች ስም ይጠራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ላይ ነው የሚጠራው። ጸሐፊው አንድ ስም ሲጠራ አስካለ መብራቱን ዝቅ ታደርጋለች፣ ሰው ሁሉ ለኅሊና ጸሎት ይቆማል፣ ከዚያ መብራቱ ከፍ ይላል፣ ጸሐፊውም ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። ነገሩ ይኸው ነው። ግን በዚያች ድንግዝግዝ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ከመዘውሩ አጠገብ የሚቆም ሰው ብቻ ነው። ቀብር ላይ ጥርሱን ነክሶ የዋለ ወንድ፣ ድንኳን ውስጥ እንግዳ ሲያስተናግድ የከረመ ልጅ፣ እዚያች ድንግዝግዝ ውስጥ መሐረቡን ያወጣል። አስካለ መሐረቡ ተመልሶ ኪስ እስኪገባ ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ነው ከፍ የምታደርገው። ለአንዱ ይረዝማል፣ ለሌላው ያጥራል፤ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፣ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ዘንድሮ ከሚጠሩት ስሞች አንዱ የባሏ ነው። በየነ በጎባና በዲንሾ መካከል ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ጉባኤ ላይ ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጥ፣ ሰው ከወጣ በኋላ ወንበር አብሯት የሚያነሳ። ክረምት ላይ ትንሽ አመመው፣ ሐኪም ቤት ገባ፣ አልወጣም። በቀብሩ ቀን አስካለ አላለቀሰችም። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ እሷ ደረቅ ዐይኗን ይዛ ቆመች። ታማች፣ ሐሜቱ አገር ሞላ፤ ድሮም ድንጋይ ናት አሉ። እህቷ ምነው ብትላት፣ የራሴ ሰዓት አለኝ፣ ተይኝ አለቻት። ለሰው ሁሉ ያደበዘዘችው መብራት አንድ ቀን ለእሷም ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ የሆዷን ታወጣለች። ይህን ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ጋሽ ፍቅረሥላሴ ቁጠባ የጀመሩት። የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን አንድ ሳንቲም ከእጃቸው ስትወጣ ጣታቸው አብሮ የሚወጣ ይመስላቸዋል። የአዳራሹ መብራት ብዙ ይበላል አሉና ባለ መቶ ሻማዎቹን የድሮ አምፖሎች በሙሉ አስነቅለው ቆጣቢ ኤልኢዲ አስገጠሙ። መቆጠቡስ ይቆጥባል፣ ማን ይክደዋል። አስካለ መዘውሩን ወደ ግራ ስታዞረው ግን አዲሶቹ አምፖሎች ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ፣ እንደ ንብ አጉረመረሙ፣ ገና ግማሽ ሳይደርስ ድርግም ብለው ጠፉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ግን ጥፋቱን በዲመሩ ላይ ጣሉት። አርጅቷል፣ ይነቀል፣ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል ብለው ፈረዱ።

ለሙከራ የተገኘው፣ ከጉባኤው አስቀድሞ በአዳራሹ የተደረገው የመምህር ተክለማርያም መታሰቢያ ነበር። ሰውየው ግማሹን የጎባ ሰው ፊደል ያስቆጠሩ አዛውንት ነበሩ። ስማቸው ተጠራ፤ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ራሳቸው ማጥፊያውን ቀጭ አደረጉት። አሁን እናንተው ፍረዱ፤ ጎባ ውስጥ መብራት በአንድ ጊዜ ድርግም ሲል ሰው ምን ያስባል? መብራት ሄደ ነው የሚለው! አዳራሹ በሙሉ አጉረመረመ፣ የስልክ ባትሪ ከየአቅጣጫው ቦግ ቦግ አለ፣ ከኋላ አንዱ ጄኔሬተሩን አስነሡ ብሎ ጮኸ። ማብሪያው ሲበራ ደግሞ ልጆቹ እንደለመዱት መጣ፣ እሰይ ብለው አጨበጨቡ። የመምህሩ ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ለባላቸው መታሰቢያ ጭብጨባ ሰሙ። አስካለ የሴትየዋን ፊት አየች።

በማግሥቱ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ሰዉ ይለምደዋል አሉ። ኤሌክትሪሺያን ይዘው ዲመሩን ሊያስነቅሉ መጡ። አስካለ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ ቆመች።

«የበየነ ስም ተጠርቶ እሰይ አይባልም» አለች። «ዲመሩን የሚነቅል መጀመሪያ እኔን ይንቀል።»

ኤሌክትሪሺያኑ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አይቶ መፍቻውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ጋሽ ፍቅረሥላሴም በሰው ፊት መጨቃጨቁን አልወደዱትም። እሺ፣ እስከ ዓመቱ ጉባኤ ድረስ እንደ ድሮው አድርገሽ አሳዪኝ፤ ያለበለዚያ ይነቀላል፣ አንቺም የአዳራሹን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ ብለዋት ወጡ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። አስካለ ምላጩን ውጣ ሮቤ ሄደች።

ሮቤ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጀርባ የከሚላ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አለ። ከሚላ ቤተሰቦቿ ከስልጤ መጥተው ሮቤ የከተሙ፣ እሷ እዚያው የተወለደች፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ስልጥኛውንም በአንድ ትንፋሽ የምታስኬድ ነጋዴ ናት። አከም ጅርቱ ብላ ተቀበለቻት። የበየነን ነገር ሰምታ ስለነበር አላህ ያጽናዎት አለች፣ ወንበርም ሰጠቻት። አስካለ ግን ሳትቀመጥ አንዱን ቆጣቢ አምፖል ከዘንቢሏ አውጥታ ባንኮው ላይ አኖረችና ይኸ ጉድ ዝቅ በል ሲሉት አይሰማም ብላ ከሰሰችው።

ከሚላ አምፖሉን ገልበጥ አድርጋ አየችና ሳቀች። አምፖሉ አልሰማ ያለው ለነገር ብሎ አይደለም፤ ሲሠራም ዝቅ እንዲል ተደርጎ አልተሠራም። የድሮው አምፖል የሰጡትን ያህል ይበራል፣ የቀነሱበትን ያህል ይቀንሳል። የአሁኑ ግን ሆዱ ውስጥ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ አለ፤ ኤሌክትሪኩ ተቆራርጦ ሲመጣበት ግራ ይገባውና ይርገበገባል። ከዲመር ጋር የሚስማማ ቆጣቢ አምፖል ለብቻው አለ፣ ካርቶኑ ላይም ይጻፋል። ሮቤ ውስጥ ግን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ማንም አያመጣውም። ከሚላ ቶሌ፣ እሺ፣ ከመርካቶ አስመጣለሁ፣ ካልሠራ ለዩኒቨርሲቲው መንገድ አዲስ ካፌዎች እሸጠዋለሁ አለች። አስካለም በሚኒባስ ወደ ጎባ ተመለሰች።

አምፖሎቹ በአውቶቡስ መጡ፤ ከሚላም ራሷ አብራቸው ጎባ ወጣች። ተገጠሙ። አስካለ መዘውሩን አዞረች። አልተርገበገቡም። እስከ ግማሽ ድረስ እንደ ድሮው ቀስ ብለው ወረዱ፣ አስካለ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከግማሽ በታች ስትወርድ ግን መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ መጨረሻ ላይም እንደዚያኛዎቹ ድርግም አሉ። አስካለ በአምፖሎቹ ላይ ያወረደችባቸውን ስድብ እዚህ መድገም ነውር ነው። ከሚላም ፈገግታዋ ጠፋ። መሰላሉ ሥር ተቀምጣ አሰበች።

ከቆየች በኋላ ጋሪ አይተው ያውቃሉ አለቻት። ባዶ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አይረጋም፤ ጋሪው ይዘላል፣ ፈረሱም ይደነብራል። ትንሽ ጭነት ሲያገኝ ነው የሚረጋው። ይህ ዲመር ብዙ የሚበሉ አምፖሎችን ሲሸከም የኖረ ነው፤ አዲሶቹ ሁሉም ተደምረው እንኳ አንዱን የድሮ አምፖል ያህል አይከብዱትም። ስለዚህ በዚያው መስመር ላይ አንድ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ከተጨመረ ይረጋል። ውሎ አድሮ ለእነዚህ አምፖሎች ተብሎ የተሠራ ዲመር አስመጣለሁ፣ ጉባኤው ግን ደርሷል አለች። ችግሩ ባለ መቶ ሻማ አሁን ገበያ ላይ አይገኝም፤ የተገኘውንም ዶሮ አርቢዎች ይሻሙበታል። በዚህ ብርድ ያለ እሱ ሙቀት ጫጩት አያድግማ።

አስካለ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፋች። የአዳራሹ አምፖሎች የት እንደገቡ አወቀች።

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ቤት ስትደርስ በጓሮ በኩል ገባች። ጫጩቶቹ በቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ፣ ከአዳራሹ በተነቀሉት አምፖሎች ሥር ሞቋቸው ይንጫጫሉ። አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነቀለችው። ሽማግሌው ድምፅ ሰምተው በጋቢያቸው ወጡ።

«አንቺ! ጫጩቶቼን በብርድ ልትፈጂ ነው?»

«ሌሎቹ ይበቋቸዋል ጋሼ። ይኼ የአዳራሹ ነው፣ ወደ አዳራሹ ይመለሳል።»

ጋሽ ፍቅረሥላሴ አምፖሎቹን ሲወስዱ አባላቱን አላስፈቀዱም ነበርና ጋቢያቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላት። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይህን ጉዳቸውን ለሳምንት ታወራው ነበር። አምፖሉን ግን ጡቷ ሥር አቅፋ፣ እንዳይሰበርባት እየተጠነቀቀች፣ ወደ አዳራሹ ሄደች። ከሚላ ወንበር በሚቀመጥበት የኋላ ክፍል፣ ከሚቃጠል ነገር አርቃ፣ በሸክላ ሶኬት ሰቀለችው። አስካለ አዞረች። መብራቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፤ የሰው ፊት እስኪደበዝዝ ድረስ ወርዶ እዚያ ላይ ጸጥ ብሎ ቆመ። አስካለ ከሚላን ግንባሯን ሳመቻት።

የጉባኤው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ጸሐፊው ተነሣ፣ የመጀመሪያውን ስም ጠራ። መብራቱ መውረድ ሲጀምር የብዙ ሰው እጅ ከልማድ ወደ ኪሱ ገባ፣ ስልክ ሊያወጣ። መብራቱ ግን አልሄደም። ዝቅ ብሎ ቆመ። እጆቹም ባዶአቸውን ወጡ፣ አንዳንዱም መሐረብ ይዞ ወጣ። አስካለ እንደ ልማዷ ጠበቀች፣ ከፍ አደረገች። ሁለተኛው ስም፣ ሌላም ስም። ከዚያ ጸሐፊው በየነ ብሎ ጠራ።

ከሚላ አጠገቧ ነበረች። እኔ ልያዝልዎት፣ እርስዎ ሄደው ይቀመጡ ብላ እጇን ሰደደች። አስካለ ራሷን ነቀነቀችና መዘውሩን በራሷ እጅ አዞረችው። መብራቱ ዝቅ አለ። የመጨረሻውን ረድፍ አየች፤ የበየነ ወንበር ፊት ሌላ ሰው ቆሟል። ክረምቱን ሙሉ ያላለቀሰችው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጊዜው ረዘመ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው መቁነጥነጥ ጀመረ። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ከፊት ወንበራቸው ተነሥተው በድንግዝግዙ ውስጥ መጡና ጆሮዋ ሥር አጎነበሱ።

«አስካለ፣ ገና ስሞች አሉ። በይ ከፍ አድርጊው።»

እሷ ፊቷን እንኳ አልጠረገችም። እንባዋ አገጯ ላይ እንደ ሆነ ቀና ብላ አየቻቸው።

«የእናትዎ ስም የተጠራ ዕለት፣ መሐረብዎ ኪስዎ እስኪገባ ጠብቄ ነው ከፍ ያደረግሁት። ዛሬ እርስዎ ይጠብቁ።»

ሽማግሌው ያን ቀን መብራቱ ለምን እንደ ረዘመላቸው እስከዛሬ አያውቁም ነበር። ከዚያ ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ በእሷና በአዳራሹ መካከል ቆሙ። ለጸሐፊው በእጃቸው ቆይ የሚል ምልክት አሳዩት። ማንም አልሳለም፣ ማንም ስልክ አላወጣም።

አስካለ አልቅሳ ጨረሰች። ሲበቃት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መዘውሩንም ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ አዞረችው። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጸሐፊው የሚቀጥለውን ስም ጠራ፣ እሷም መብራቱን ዝቅ አደረገች።