መስመሩ ንጹህ ነበር

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የተነጋገርኩት ከአዲስ አበባ ጋር ነው ወይስ ከሳልሽ ጋር?»

ይህን ያሉኝ ኦቦ ደሬሳ ናቸው፤ ነቀምቴ ላይ ቡና የሚነግዱ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እየመጡ አዲስ አበባ ካለው ወንድማቸው ጋር በስልክ የሚነጋገሩ ሰው። ከመነጋገሪያው ሳጥን ወጥተው መስኮቴ ላይ ክንዳቸውን አሳርፈው ነው ያሉኝ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ወደ ሳል ተለወጠ።

ሕመሜ የጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በትከሻዎቼ መካከል ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ጠዋት ስነሣ የሌሊት ልብሴን በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ፣ ከዚያ ሌላ ቀዳዳ አጠበቅሁ። ጓደኞቼ «ሸንቀጥ ብለሽ አማረብሽ» ይሉኛል። አመንኳቸው።

ሥራዬ ኦፕሬተርነት ነበር። ኩባንያው የውጭ አገር ሰዎች ያቋቋሙት ትልቅ የስልክ ድርጅት ነው፤ ስሙን አልጽፍም፣ የምናገረው ስለ ሕመሜ ስለሆነ። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ተፈትኜ ስገባ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አበላች። በከተማችን ከዚያ የሚበልጥ አዲስ ነገር አልነበረም። ሴት ልጅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አንድ ገመድ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ስታዛውር፣ የነቀምቴ ሰው አዲስ አበባ ላይ ይናገራል። እኔም ኮራሁ፣ አልዋሽም።

ክፍላችን ጠባብ ነው። መሣሪያው አቧራ አይወድም ተብሎ መስኮቱ አይከፈትም። ሰሌዳው ላይ የመነጋገሪያ ቁልፍ አለ፤ ሲዘጋ እኔ ሌላውን እሰማለሁ፣ እኔን ግን ማንም አይሰማኝም። ኦቦ ደሬሳ ከተናገሩኝ ወዲህ ቁልፉን እየዘጋሁ መሳል ለመድኩ። መስመሩ ላይ ያለ ሰው ምንም አያውቅም። በወሩ መጨረሻ ከአዲስ አበባ የምትቆጣጠረን ሴት «ነቀምቴ ሦስት፣ ድምፅሽ ጠርቷል» ብላ አመሰገነችኝ። ነቀምቴ ሦስት እኔ ነኝ።

በኅዳር አንድ ጠዋት ደም ተፋሁ። ጥቂት ነው። መሐረቤ ላይ። ቀይ፣ አረፋ ያለው። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጥሪ መጣ። መለስኩ። ሰዓቴን ጨርሼ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ኦሮምኛው ከአማርኛው ይበልጣል። ራጅ አነሣኝ፣ አክታዬን አስመረመረ። ፊልሙን ወደ ብርሃን ዘርግቶ በጣቱ አሳየኝ።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው። እዚህ ቀኙ ላይ፣ ከላይ፣ ቀዳዳ አለ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ ዛሬ የሚድን በሽታ ነው። ግን ሕክምናው ረጅም ነው፣ አንቺ ደግሞ ወንበር ላይ እንኳ ተረጋግተሽ አትቀመጪም።»

ሦስት ወር ተኛሁ። በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ። አይ.ኤን.ኤች. የሚባል ክኒን። ፓስ የሚባል፣ ሆድ የሚያገለብጥ መድኃኒት። በመጀመሪያው ወር ወደ ግድግዳ ዞሬ ነው የዋልኩት።

ኩባንያው ያደረገልኝን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ደመወዜ አንድ ወር እንኳ አልተቋረጠም። ፓሱ ነቀምቴ ላይ ሲያልቅ ከአዲስ አበባ ምሰሶና ሽቦ በሚያመላልሰው የኩባንያው መኪና ተጭኖ መጣልኝ። አጠገቤ ኑኑ ቁምባ ከሚባል ገጠር የመጣች አዴ ቢፍቱ የምትባል ሴት ተኝታ ነበር፤ የእኔው በሽታ ነው ያለባት። የመድኃኒቱ ካርቶን ሲገባ አይታ «ኩባንያሽ አባትሽ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አባቴ በሕይወት ቢኖር ይህን አያደርግልኝም ነበር» አልኳት።

«እኔ አባትም ኩባንያም የለኝ» አለችና ሳቀች። አጨዳ ሲደርስ ባሏ መጥቶ ወሰዳት። ሳሉ ትቷት ስለነበር ድኛለሁ ብላ ነው የሄደችው። ሐኪሙ እስከ በሩ ተከትሎ ለመናት።

እኔ አክታዬ ሲጠራ ግማሽ ቀን ወደ ሥራ ተመለስኩ። መርፌው በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ። ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቆኛል፤ ይህ መድኃኒት የአንዳንዱን ሰው ጆሮ ይጎዳል፣ ጩኸት ከሰማሽ ያንኑ ዕለት ንገሪኝ ብሏል። በየመርፌው ቀን ይጠይቀኛል፦

«ጆሮሽ?»

«ፈያ» እለዋለሁ፤ ደኅና ነው ማለት ነው።

መስመሩ ግን ተበላሸ። ቀጭን ጩኸት አለው፣ ትንኝ ሽቦው ውስጥ የገባች ይመስላል። ኦፕሬተር ጆሮዋ ላይ ድምፅ ስትሰማ የምታስበው ሽቦውን ነው፤ እንደዚያ ነው የተማርነው። ወደ ቤት ስሄድም ጩኸቱ ይከተለኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሰምቼው ስለዋልኩ ነው አልኩ። በብልሽት መዝገቡ ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፤ «የአዲስ አበባ መስመር ይጮኻል።» ደንቡ እንዲህ ነው፤ ኦፕሬተሯ በቀይ የጻፈችውን፣ የመስመር ሠራተኛው ምክንያቱን አግኝቶ በጥቁር ይዘጋዋል፤ ቅጂው በየወሩ አዲስ አበባ ይላካል።

የመስመር ሠራተኛችን ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ የሸዋ ሰው፣ ምሰሶ ላይ ያረጁ። ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ሳምንት ሙሉ ምሰሶ ሲወጡና ሲወርዱ ሰነበቱ። ቅርንጫፍ ቆረጡ፣ ሽቦው ምሰሶ ላይ የሚታሰርባቸውን የተሰነጠቁ የሸክላ ስኒዎች ለወጡ። በጭቃ ተለውሰው ገቡ።

«ዝንጀሮም አላገኘሁበት» አሉ። ማዳመጫዬን ወስደው አዳመጡ። «ንጹህ ነው።»

«ይጮኻል እኮ ጋሼ።»

«እስቲ አንቺ ያዢው።» ማዳመጫውን መልሰው ሰጡኝና ከሰሌዳው ኋላ ዞሩ። «አሁንስ?»

«ይጮኻል።»

«አሁንስ?»

«እንደዚያው ነው።»

ከሰሌዳው ኋላ ወጡ። የማዳመጫዬ መሰኪያ በእጃቸው ነበር። ተነቅሎ።

ይጮኻል። እሳቸውን እያየሁ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ እንዳይጽፉት» አልኩ።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ምንም።»

መዝገቡን ሳይዘጉ ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን አላስተባብልም። ጆሮ የሌላት ኦፕሬተር የለችም። ከሥራ ትባረሪያለሽ ብሎ ያስፈራራኝ ሰው የለም፤ እኔው ነኝ ለራሴ ያልኩት። ሦስት መርፌ ዝም ብዬ ተወጋሁ። «ጆሮሽ?» «ፈያ።» «ጆሮሽ?» «ፈያ።»

በአራተኛው የመርፌ ቀን የሆስፒታሉን ቁልቁለት ስወርድ መሬቱ ወደ ግራ ዘመም አለ። አጥር ያዝኩ። ሐኪሙ በመስኮት አይቶኝ ኖሯል። ክፍሉ አስገብቶኝ የእጅ ሰዓቱን ፈታ። ግራዬ ላይ አደረገው፤ ሰማሁ። ቀኜ ላይ አደረገው።

ምንም።

«መቼ ጀመረ?»

ነገርኩት። መዝገቡን፣ ጋሽ ወርቁን፣ ሁሉንም። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ስጠይቅ የነበረው አንቺን ነው» አለ። «ስትመልስልኝ የነበረችው ግን ኦፕሬተሯ ናት።»

መርፌው ያንኑ ዕለት ቆመ። በክኒኑና በፓሱ ቀጠልኩ፤ በአሥራ ስምንተኛው ወር ጨረስኩ፤ ዛሬ ራጄ ላይ ከጠባሳ በቀር የሚታይ የለም። መሬቱ በሁለት ወር ውስጥ ተስተካከለልኝ፣ የግራ ጆሮዬ ጩኸት እየራቀ ሄዶ ጠፋ፣ የቀኙ ግን ቀጭን ድምፅ እንደማይሰማ ሆኖ ቀረ፤ የወፍ ድምፅ የሚመጣልኝ ከአንድ ወገን ብቻ ነው።

ከሐኪሙ በተመለስኩ ማግስት መዝገቡን ገልጬ በጥቁር ቀለም ጻፍኩ፤ «መስመሩ ንጹህ ነው። ብልሽቱ የኦፕሬተሯ ጆሮ ነው።» ነቀምቴ ሦስት አላልኩም፤ ሙሉ ስሜን ፈረምኩ። ጋሽ ወርቁ አንብበው መነጽራቸውን ጠረጉ።

መልሱ በደብዳቤ መጣ። አላባረሩኝም። አዲስ አበባ መዝገብ ቤት እንድዛወር፣ ደመወዜ እንዳይነካ፣ ሕክምናዬ በኩባንያው እንዲሆን ተወስኗል። አድራሻው «ለነቀምቴ ሦስት» ይላል።

ኦቦ ደሬሳ ሲሰሙ «ሂጂ እንጂ ኢንተላ ኮ፣ ወረቀት እንደሆነ ብትስዪበትም አይናገርም» አሉኝ። እናቴ ዕቃዬን መሸከፍ ጀመረች።

ለትልቅ ኩባንያ መሥራት ይበጃል ወይስ አይበጅም እያላችሁ የምትጠይቁኝ ልጆች አላችሁ። እኔ በሕይወት ያለሁት በዚያ መኪና ነው፤ ይህን የሚክድ አፍ የለኝም። ግን መስኮቱ ለመሣሪያው ተብሎ ተዘግቶ፣ ለእኛ ሳንባ ይከፈት ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ክፉ ሰው ኖሮ አይደለም። ኩባንያው ይመግብሻል፣ ያሳክምሻል፣ ስምሽን ግን አያውቅም፤ ከሁሉ የከፋው ቀስ በቀስ አንቺም ኩባንያው በሰጠሽ ቁጥር ራስሽን መጥራት ትጀምሪያለሽ። እኔ ከጆሮዬ ሥራዬን አስበለጥኩ። ያዘዘኝ የለም።

መዝገብ ቤት ተቀምጬ ወረቀት ስደረድር ራሴን ባስበው ባስበው አልታየኝም። ሐኪሙ ኑኑ ቁምባ ላይ አዲስ ለተከፈተው ክሊኒክ ሁለቱንም ቋንቋ የምትናገር፣ መድኃኒት ያቋረጡትን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምትጠይቅ ሰው ይፈልግ ነበር፤ እኔ ልሂድ አልኩት። ደመወዙን ስነግራት እናቴ አለቀሰች።

ለሐኪሙ፣ ለጋሽ ወርቁ፣ ካርቶኑን ጭኖ ላመጣልኝ ሾፌር ምስጋናዬ ይድረስ። እናንተ ዛሬ አልጋ ላይ ያላችሁ፣ ሳሉ ሲተዋችሁ መድኃኒቱን አትተዉ። ጆሯችሁ ከጮኸ፣ ራሳችሁ ከዞረ፣ ያንኑ ዕለት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መድኃኒት የሚለውጠው እሱ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። በሚጠይቃችሁ ሰው ፊት ቁልፉን አትዝጉ።

በመጨረሻው ቀን ማዳመጫዬን በአልኮል ጠርጌ ለአዲሷ ልጅ ለጫልቱ ሰጠኋት። መስኮቱ በቀለም ተጣብቆ ስለነበር ጋሽ ወርቁ ዙሪያውን በቢላዋ ፈለቀቁልኝ። ገፋሁት፣ ተከፈተ። ኦቦ ደሬሳ ከሳጥኑ ውስጥ «የማን ነው ይሄ ነፋስ?» አሉ።

«የእኔ ነው» አልኳቸው።

ጫልቱ ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሻንጣዬን አነሣሁ። ውስጡ ልብሴ፣ የቀሩኝ ክኒኖች፣ አዴ ቢፍቱ የምትኖርበት ቀበሌ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። የኑኑ ቁምባ መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ በግራ ጆሮዬ ሰማሁትና ደረጃውን ወረድኩ።