የዳርሚ ጀሪካን

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ስንቴ ንስሐ ገብቼ፣ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር፣ ይቺን ግን ሁሌም እዘላታለሁ።

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ሱቅና ትንሽ ሆቴል አለኝ። ወንዝ ስለሌለን ጥምቀትን የምናከብረው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሮቶ ሞልተን ነው። ሰው ከየቤቱ ውሃ ያመጣል፣ ቄሱ ይባርኩታል፣ ሁሉም ጠበሉን ቀድቶ ይሄዳል። በዚያ የድርቅ ዓመት በር ላይ ቆሜ ውሃ የምቀበለው እኔ ነበርኩ።

ዳርሚ ኡራን ከምትባል የገጠር መንደር በጭነት ሎሪ መጣች። ከብት አርቢ ናት፤ ባሏ አልጋ ከያዘ ከርሟል። አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ለሮቶው ልትሰጥ፣ ሲባረክ ደግሞ ለባሏ ቀድታ ልትመለስ ነው የመጣችው።

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። «ይሄ የዘይት ዕቃ ነው! የእግዚአብሔር ቤት ኩሽና መሰለሽ እንዴ? ጠበልም አይቀዳበትም» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ጋሼ፣ በአመድ ሦስቴ አጥቤዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

እኔ ልሰማት? ውሃውን በሆቴሌ በርሜል ውስጥ አስገለበጥኩት። ሳህን ታጠበበት። እሷ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ሎሪው ላይ ወጣች።

ቄሱ የዚያኑ ቀን ስለ ሙሴ በትር አስተማሩ። ባሕር የተከፈለባት በትር የእረኛ ዱላ ነበረች አሉ። እኔ ከፊት ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ! አይ እኔ! ሮቶውስ ፕላስቲክ አይደለም? ዘይቱንስ ከነጀሪካኑ የምሸጠው እኔው አይደለሁም? ምናልባት ያን ጀሪካን ራሴው ሸጬላት ይሆናል።

በዓመቱ በጥምቀት ዋዜማ ሱቄ መጣች። ጀሪካን አልያዘችም። መደርደሪያው ላይ ያለውን የታሸገ ውሃ አሳየችኝ።

«ባሌ ዛሬም አልተነሳም» አለች። «ጋሼ፣ ይሄስ ለእግዚአብሔር ይሆናል?»

ያኔ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። «ይሆናል» አልኩና ሸጥኩላት። ሸጥኩላት!

ይቅር በሉኝ አልልም። የወሰድኩባት ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሃ ቀድቼ እመልስ ነበር። እኔ ግን ከቤቷ ያመጣችው ለእግዚአብሔር እንደማይበቃ ነገርኳት፤ እሷም አመነችኝ።