የመጋረጃ ሰፊዋ ጎመኖች

መጋረጃ ሰፊዋ በሥራዋ እንከን አይወጣላትም። ጠርዙ ያልታጠፈ፣ ክሩ የተንጠለጠለ መጋረጃ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ደንበኛ ቸኩሎ «ይሄማ ከቁም ሳጥን ኋላ ነው የሚውለው፣ ማን ያየዋል?» ሲላት ደሟ ይፈላል። «እኔ አየዋለሁ» ትልና የስፌት መኪናዋ ላይ መልሳ ታቀረቅራለች። በዚህ ጠባይዋ ብዙ ደንበኛ አፍርታለች፤ ባሏን ደግሞ ዕድሜ ልኩን ስታናድደው ኖራለች።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ ካርታ ይዘው ሲቀመጡ፣ እሱ ከጓሮ ያለችውን ቁራሽ መሬት ቆፍሮ ጥቅል ጎመን ተከለ። ማለዳ ማለዳ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ቅጠል ገልበጥ እያደረገ ከሥሩ ያያል። የቢራቢሮ እንቁላል ካገኘ በአውራ ጣቱ ይደፈጥጠዋል፤ ትል ካገኘ ለቅሞ ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይጨምረዋል። ሚስቱ በመስኮት እያየች «ደግሞ ጎመን ማሻሸት ጀመረልኝ» ትል ነበር፤ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነበር የሚመስላት።

ታዲያ አንድ ቀን ውኃ እያጠጣ ሳለ እዚያው የጎመኑ መደብ ላይ ወደቀ። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ምላሱ ግን እንዳለ ነው፤ እሷ እንደምትለው፣ መታመም የነበረበት ምላሱ ነበር። የመጀመሪያ ሰሞን እንኳ በዚያ ምላሱም አልተናገረበትም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፣ ሲያጎርሱት ይበላል፣ ሲያጥቡት ይታጠባል፣ በቃ።

እግሩን የምታለማምደው ባለሙያ በየሳምንቱ ትመጣለች። ወጣት ናት፣ ነገር መሸፋፈን አታውቅበትም። አንድ ቀን ሰፊዋን ወደ በሩ ሳብ አድርጋ፣ «እማማ፣ እግር ካልተሠራበት ይረሳል» አለቻት። «በእነዚህ ጥቂት ወራት ውስጥ ካልቆሙ ኋላ አይቆሙም። ዝም ብለው ተነስ ቢሏቸው ደግሞ አይነሱልዎትም። የሚሄዱበት ነገር ይፈልጉላቸው።»

ሰፊዋ የሚሄድበትን ነገር ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። ባለሙያዋን ሸኝታ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ጎመንህን ዘንድሮ እኔ ልተክለው ነው» አለችው።

ግድግዳውን እያየ፣ «አንቺ?» አለ።

«እኔ። ሲጠቀለል ግን በእግርህ ሄደህ የምትቆርጠው አንተ ነህ። እኔ ቢላ አላነሳም፤ እዚያው ይበሰብሳል።»

«ምን ይበሰብሳል፣ ትል ነው የሚበላልሽ።»

«አላስበላም።»

ሰውዬው ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ደህናውን እጁን ዘረጋና፣ «በይ እስቲ ያዢኝ፤ ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ መግፋት ሳያስፈልግ አይቀርም» አለ። ሰፊዋ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ወደ እንባ ሊሄድባት ሲል ገታችው፤ በእሱ ፊት ማልቀስ አልወደደችም።

ችግኙን የሰጣት ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ እሱም በጓሮው ጎመን ይተክላል፤ ቅጠሉ ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ መሐሉ ግን ድንጋይ የመሰለ ጥቅል ይይዝለታል። ሰፊዋ የዚያን ቀዳዳ ጎመን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። እሷ እንዲህ ያለ ሥራ አትሠራም። ከደንበኛ የተረፈ ስስ ነጭ የመጋረጃ ጨርቅ ነበራት፤ መደቡን በሞላ ልትሸፍነው ቆረጠች።

«ጥሩ አስበሻል» አለ ባሏ። «ግን አንዱን ጎን አትስፊው፣ ድንጋይ ጫኝበት። ጠዋት ጠዋት ገልጠሽ ከቅጠሉ ሥር ታያለሽ።»

«ድንጋይ? ዕድሜዬን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ ኖሬ በድንጋይ ልጠርዝ?»

«ጎመን ነው አንቺ ሴትዮ፣ ሳሎን አይደለም።»

«ድንጋዩን ራስህ ላይ ጫነው» አለችውና ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች።

ቧንቧ ሠራተኛው በቁርጥራጭ ቧንቧ አጥር የመሰለ ቋሚና አግዳሚ ገጠመላት። እሷ ጨርቁን በላዩ ለብጣ ማዕዘኑን ሁሉ በድርብ ስፌት ሰፋችው። ግርጌውን በወፍራም ሸራ ዘመዘመችና ሸራውን አፈር ውስጥ ቀበረችው። ውኃው በጨርቁ ሰርጎ ይገባል፣ ብርሃኑ በጨርቁ ያልፋል፤ ጉንዳን ብትመጣ እንኳ በየት ትገባለች? ቧንቧ ሠራተኛው ዞሮ ዞሮ አየና፣ «እትዬ፣ ጎመኖቹን ለማን ሊድሯቸው ነው?» አላት። ደስ አላት። እንዲህ ያለ ሙገሳ የሚያመልጣት ሴት አይደለችም።

ችግኞቹ ግን ከጎረቤት ጓሮ ሲመጡ ከቅጠላቸው ሥር ቢጫ ነጠብጣብ ይዘው መጥተው ነበር። ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ ነገር ነው። ባሏ ቢሆን ገና ከመሬት ሳይደርስ ያየው ነበር። እሷ ቅጠል ገልብጣ አታውቅምና እንዳለ ተክላ፣ እንዳለ ሰፍታ ዘጋችበት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ያማሩ ነበሩ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ሰውዬው በመጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ቀጥሎ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ ቆመ። «ማርሽ አልገባ አለ፣ ቆዪ» ይላል ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ፤ እሷ ብብቱ ሥር ገብታ ትደግፈዋለች። ከዚያ ወንበሩ ጋ ደረሰ። ከዚያ መስኮቱ ጋ። በመስኮቱ ነጩን ድንኳን ያያል፣ በውስጡ አረንጓዴ ጥላ ያያል፤ አይቶ ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ይታያል።

«ከሥር አየሽ?» ይላታል በየጠዋቱ።

«አየሁ» ትለዋለች።

አላየችም። ለማየት ስፌቱን መተርተር ሊኖርባት ነው። ምንም ሊገባበት በማይችል ነገር ውስጥ ምን ይታያል ብላ ነው፤ ውሸቷም ውሸት መስሎ አልታያትም።

አንድ ቀን ውኃ ልታጠጣ ስትወጣ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ጨርቁ ላይ ተለጥፈው አየች። «ምነው፣ በር አጣችሁ?» ብላ ሳቀችባቸው። በሻሿ ጫፍ መታ መታ አደረገች። አልተነሱም። አሁንም መታች፤ ክንፋቸውን ከማርገብገብ በቀር የትም አልሄዱም። በመጨረሻ አንዷን በጣቷ ልትገፋት ስትል ጣቷን ያገኘው ክንፍ ሳይሆን ጨርቅ ሆነ። ቢራቢሮዋ ከጨርቁ ወዲያ፣ ከውስጥ ነበረች። ሁሉም ከወዲያ ነበሩ።

መቀሷን አምጥታ አንዱን ማዕዘን ተረተረችው። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የበሰበሰ ጎመን ሽታ። ቀጥሎ ቢራቢሮዎቹ ፊቷን እየነኩ ወጡ። ከቅጠሎቹ የተረፈው አጥንታቸው ብቻ ነበር፤ በየአጥንቱ ላይ አረንጓዴ ትል ተንጋሏል፣ መሬቱ በኩሳቸው ጠቁሯል። በመስኮት የሚታየው አረንጓዴ ጥላ በጎመኖቹ መሐል የበቀለ አረም ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራችው። ጎንበስ ብሎ አንዱን ጎመን በእጁ ከፈት አደረገና አፈሩን ከእጁ አራገፈ።

«ተናገር እንጂ ወንድሜ።»

«ምን ልበልዎት፣ እትዬ። እኔ ጓሮ ወፉም ተርቡም እየገባ ያግዘኛል፣ የቀረውን በእጄ እለቅማለሁ። እርስዎ ትሉን ከውስጥ አድርገው በጠላቶቹ ላይ ነው የዘጉባቸው። ልቡን በልቶታል። ልቡ የተበላ ጎመን አይጠቀለልም።»

«ሌላ ብተክልስ?»

«ይተከላል። ግን እስኪደርስ ወራት ነው።»

ወራት የላትም። የባለሙያዋ ቃል ጆሮዋ ላይ አለ። ከጎረቤት አንድ ጥቅል አምጥቶ እዚያ መትከልም በሐሳቧ መጣ፣ ወዲያው ተወችው፤ ሾፌሩ የራሱን ጎመን ከሰው ጎመን ይለያል። ግራ ገባት። ግራ ሲገባት የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌዋን አወጣችና የተረተረችውን ማዕዘን መልሳ በድርብ ሰፋችው።

«እንዴት ሆኑ?» አላት ስትገባ።

«እንደ ቡጢ ሆነዋል።»

እውነትም በዚያ ሰሞን ጉልበቱ ጠና። ባለሙያዋ መጥታ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማማ፣ ምን አድርገውላቸው ነው? በዚህ ከቀጠሉ እኮ ሰውዬው በእግራቸው ይሄዳሉ» አለች። ሰፊዋ በየቀኑ እየደገፈች ታስኬደዋለች፤ አንድ እርምጃ በጨመረ ቁጥር ደስ ይላታል፣ ወዲያው ደግሞ እስከ ጓሮው በር የቀረውን ትቆጥራለች። ወደ በሩ እየቀረበ ነው። ቀስ ብሎ በሄደላት፤ ቀስ ብሎ ሄዶ ግን እስከ መጨረሻው በሄደላት። የፈለገችው ይህን ነበር፣ እንዴት እንደሚሆን ግን አታውቅም።

አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር ጨርቅ ስትለካ የጓሮው በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። ሜትሯን ወርውራ ሮጠች።

ብቻውን ሄዷል። ተደግፎት የወጣው ምርኩዝ መሬት ወድቋል፣ እሱ መደቡ አጠገብ አፈር ላይ ተቀምጧል። ጎመን ሊቆርጥበት ይዞት በወጣው ቢላ ጨርቁን ሰንጥቆታል። ውስጡን ያያል። አጠገቡ ሄዳ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም።

«መቼ ነው?» አላት።

«ቆየ።»

«እኔ መስኮቱ ጋ ስደርስ?»

«ከዚያ በኋላ ነው ያወቅኩት።»

«እንደ ቡጢ ሆነዋል ያልሽኝ ጊዜስ?»

የተሰነጠቀውን ጨርቅ ጫፍና ጫፍ በጣቷ ገጠመች። ቢሰድባት በወደደች፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰዳደቡ ኖረዋልና መልስ አታጣም ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም። ቢላውን አፈር ላይ አስቀመጠና፣ «ዕድሜ ዘመኔን የማላደርሰውን ተሳፋሪ ጭኜ አላውቅም» አለ። «በይ መልሺኝ።»

ልታስነሳው ሞከረች። እዚያ ድረስ ያመጡት እግሮች አልቆም አሉ። ቧንቧ ሠራተኛውን ጠርታ ለሁለት ተሸክመው አስገቡት።

በነጋታው ቁርስ አበላችው። ወንበሩን ሳበች፣ ምንጣፉን አነሳች፣ እንደ ሁልጊዜው አልጋው አጠገብ ቆማ ሁለት እጆቿን ዘረጋችለት።

«ተነስ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው።

«የት ልሂድ?» አላት።

ጥያቄው ቁጣ አልነበረበትም፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ጥያቄ ነው። ሰፊዋ ለሁሉ ነገር መልስ አላት። ስለ መስኮቱ ልትነግረው አሰበች፣ ስለ በሩ አሰበች፣ ስለ መንገዱም አሰበች። እጆቿ እስኪዝሉ ድረስ እንደተዘረጉ ቆዩ፤ ከዚያ አወረደቻቸው።