የተቀላቀሉት ችግኞች

ልጅ ሳለሁ፣ ከይርጋጨፌ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን፣ አያቴ ማታ ማታ ከእራት በፊት የቡናን ተረት ይነግሩኝ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለዩ ስለነበር ኩራዙ መብራቱም አለመብራቱም ግድ አይሰጣቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ፍሙ አዙረው፣ ጭሱ ሲመጣባቸው እንኳ ሳይሸሹ ያወሩልኛል። ያኔ በተረታቸው ቡና ማደሪያ ያጣች ሴት ነበረች፤ ከዛፍ ዛፍ እየዞረች አስጠጉኝ ትላለች። አንድ ምሽት ዋንዛ አስጠግቷት ብዙ ልጆች ትወልዳለች። በሌላው ምሽት ግን ያው ዋንዛ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ይገድላታል። አቮካዶም አንዴ ደግ፣ አንዴ ፀሐይ የሚከለክል ንፉግ ይሆናል። የትኛው እውነት እንደሆነ ስጠይቃቸው እንደ ቡናዋ ነው ይሉኛል። እኔ ግን አንዱን እንዲቆርጡልኝ ነበር የምፈልገው።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ዓመት የቡናው ፍሬ ገና ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። አቶ ደረጀ የሚባሉ ወጣት የግብርና ባለሙያ ከዲላ መጥተው ገበሬ ማህበሩን ሰበሰቡ። ጥላ እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበት በሽታውን ያባብሳል፣ ስለዚህ ዛፉን ቁረጡና በሽታ የሚቋቋመውን አዲስ ችግኝ በሜዳው ላይ በመስመር ትከሉ አሉ። ትምህርት ቤታችንም መጥተው አስተማሩን፤ ጥሩ ቡና በፀሐይ ብዙ የሚያፈራ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ትሑትና ቅን ሰው ስለነበሩ አመንኳቸው። ማታ ደግሞ አያቴን አመንኩ።

አባቴ የላይኛውን ማሳ ዛፎች ቆርጦ አዲሱን ችግኝ ተከለ። አያቴ የመጥረቢያውን ድምፅ ሁለት ቀን ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ከቤታችን ጀርባ ያለውን፣ እንሰት፣ ዋንዛና አቮካዶ የቆሙበትን ተዳፋት ተዉልኝ ብለው ለመኑት። አባቴም እሺ አለ፤ እዚያ የሚተከለው ቡና ካልያዘ ግን በሚቀጥለው ዓመት እንደሚመነጥረው ነገራቸው።

ለአያቴ ዓይን የሆንኳቸው እኔ ነኝ። በሽታው ያልነካቸውን ሁለት አሮጌ የቡና ዛፎች አስመረጡኝ። አንዱ ኩሩሜ የምንለው፣ ቅጠሉ ትንንሽ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ነው፤ ሌላው ወሊሾ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ቁመቱ ረጅም። ከሥራቸው በራሳቸው የበቀሉትን ችግኞች ለየብቻ በሁለት ቅርጫት እንዳመጣ ላኩኝ። ወሊሾው በአቮካዶው ድፍን ጥላ፣ ኩሩሜው ብርሃን በሚያሳልፈው ዋንዛ ሥር ሊተከል ነው።

ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ቁልቁለቱ ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ፤ ቅርጫቶቹም ተገለበጡ። ችግኞቹ ጭቃ ለብሰው ሳነሳቸው የትኛው የየትኛው ልጅ እንደሆነ ጠፋኝ፤ ሁሉም ሁለት ሦስት ቅጠል ያላቸው ሕፃናት ናቸው። እንደመሰለኝ ከፋፈልኳቸው።

አያቴ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክከው ጠበቁኝ። የመጀመሪያውን ሰጠኋቸው።

«ይህቺ የማን ልጅ ናት?»

«የወሊሾ» አልኩ።

ቅጠሏን በጣታቸው ዳሰሷት፤ ረዘም አድርገው ዳሰሷት። ከዚያ እሺ ብለው ተከሏት። እስከ መጨረሻው ችግኝ እየጠየቁኝ፣ እኔም እየመለስኩ፣ እሳቸውም እሺ እያሉ ጨረስን። ልናገር ስል አባቴ ተዳፋቱን ሲመነጥረው ይታየኛል። ከዚያ ወዲያ ተረታቸውን ስሰማ ዓይናቸውን እንኳ አላይም ነበር።

በአራተኛው ዓመት የላይኛው ማሳ ቡና ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራና ሰው ሁሉ ተደነቀ። በቀጣዩ በጋ ግን ጫፍ ጫፉ እየደረቀ ሄደ። የተዳፋቱ ቡና ግማሹ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ግማሹ፣ በተለይ አቮካዶው ሥር ያለው፣ ሳይጠቁር እየበሰለ ዓመት ከዓመት ሰጠ። አቶ ደረጀ ዘር ሊወስዱ መጡ። ሳያፍሩ፣ ቆባቸውን አውልቀው፣

«አባባ፣ ለዚህ ጥላ እነዚህን እንዴት ለይተው መረጡ?» አሏቸው።

አያቴ ፊታቸውን እኔ ወደቆምኩበት አዞሩ።

«የመረጠችው ልጅቷ ናት፤ እሷን ጠይቃት» አሉ።

አቶ ደረጀ እርሳስና ወረቀት ይዘው ጠበቁኝ። አፍራ ነው ብሎ አባቴ ሳቀና ነገሩ በዚያው አለፈ።

አያቴ ያን ክረምት ሳይጨርሱ አረፉ። ጎረቤቶቻችን ያንን ቡና እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠሩታል፤ ኩሩሜ ይሁን ወሊሾ የሚያውቅ የለም። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤ አልደረስኩበትም፤ መቀላቀሌን ገና ያኔ በጣታቸው አውቀው እሺ ብለውኝ ይሆን፣ ወይስ በእርግጥ ዓይኔን አምነው ሊያመሰግኑኝ ፈልገው? አውቀው ከሆነ ይቅር ብለውኛል። ካላወቁ ግን ያመሰገኑኝ በሐሰት ነው። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያውን አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሁለተኛውን።