ራዊያ ያልፈረመችው ግዥ

ራዊያ የዋጃ ልጅ ናት። ቆቦ ውስጥ በአንድ የመስኖ ገበሬዎች ማኅበር በኮምፒውተር ባለሙያነት ከተቀጠረች አራት ዓመቷ ነው። አምና ማኅበሩ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲነሣ፣ ከግዥ ኮሚቴው መሀል የኮምፒውተር ሆድ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ከእሷ በቀር አልነበረም።

ሁለት ናሙና ቀረበ። አንዱ ስስ ብርማ ላፕቶፕ፣ ሌላው ወፍራም ጥቁር ዴስክቶፕ። ሰብሳቢው አቶ ብርሃኑ ላፕቶፑን ገና ሲያነሡት ፊታቸው በራ።

«ይኼ ነው እንጂ!» አሉ።

ራዊያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ የአባላቱን መዝገብ በሙሉ ጫነችባቸውና እኩል አስጀመረቻቸው። ላፕቶፑ ቀደመ። አቶ ብርሃኑ አጨበጨቡ።

«ገና ነው ጋሽ ብርሃኑ፣ ቁጭ ይበሉ» አለቻቸው።

ያንኑ ሥራ ደጋገመችው። ቀትር ነበር፤ የቆቦ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላፕቶፑ እንደ ካውያ ጋለ፤ ፕሮሰሰሩም እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ቀነሰ። ዴስክቶፑ ግን እንደጀመረው ቀጠለ። አቅራቢዎቹን አስፈቅዳ ሁለቱንም በካቻቢቴ ፈታቻቸው።

«እዩት፤ የላፕቶፑ ራም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ነገ ሥራ ሲበዛ መጨመር የለም። ይኼኛው ዴስክቶፕ ግን ለራም መጨመሪያ ሁለት ባዶ ቦታ አለው፤ ፕሮሰሰሩም ተነቅሎ በተሻለ ይተካል።»

«አንቺ ልጅ፣ የምንገዛው ልንሠራበት ነው ልንፈታታው?» አሉ አቶ ብርሃኑ።

«በዚህ አቧራ ሳይፈታ የሚዘልቅ ማሽን አላየሁም።»

ድምፅ ሲሰጥ አራት ለአንድ ተሸነፈች። ቃለ ጉባኤው ሲዞር፣ ጸሐፊው «ፈርሚና እንሂድ» አላት።

«ላፕቶፑ ሲጀምር መቅደሙን እፈርማለሁ፤ እውነት ነው። ለእኛ ይሻለናል የሚለውን ግን ወላሂ አልፈርምም።»

በስሟ ትይዩ በትልልቁ «አልስማማም» ብላ ምክንያቷን ዘረዘረች። በሳምንቱ ከኮሚቴው አነሷት። ላፕቶፖቹ ሲታደሉም እሷን ዘለሏት።

ራዊያ በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሄደች። «እትዬ ከፈለች፣ የሞቱትን ይስጡኝ» አለች። ስምንት አሮጌ ዴስክቶፕ ፈርማ ወሰደች። የአንዱን ራም ለሌላው፣ የሌላውን ፕሮሰሰር ለአንዱ እያደረገች፣ ከስምንቱ ሬሳ አምስት ሕያው አወጣች። ከዚያ ባዶውን አዳራሽ ከፍታ የማኅበሩን ሴት አባላት ማስተማር ጀመረች። መጀመሪያ ያስተማረቻቸውም መጻፍ ሳይሆን መክደኛውን መፍታት ነበር።

አቶ ብርሃኑ በሩ ላይ ቆሙ። «ማን ፈቀደልሽ?»

ራዊያ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ተጥለው ነበር፤ አንሥቼ ሠራኋቸው። መዝጋት ከፈለጉ በደብዳቤ ይዝጉኝ፤ በደብዳቤ እመልሳለሁ።»

ደብዳቤው አልመጣም። ላፕቶፖቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ ቀትር ላይ ግን እየጋሉ ስለሚያስቸግሩ ጥላ ፍለጋ ከክፍል ክፍል ይዞራሉ። አቶ ብርሃኑ ልክ ነበርሽ ብለዋት አያውቁም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። ሐሙስ ሐሙስ ለትምህርቱ ከሮቢት ድረስ የሚመጡት ሴቶች አሥራ ሰባት ደርሰዋል።