ባለ አንድ ባልዲው

መኪና አጣቢውን ሰፈሩ ሁሉ «ባለ አንድ ባልዲው» ይለዋል። የውሃው መስመር የተቋረጠ ጊዜ ባልደረቦቹ የውሃ ጎማቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ፣ እሱ የቀለም ነጋዴዋን ደጅ ጠንቶ ማለቅለቅ የማይፈልግ የመኪና ማጠቢያ ፈሳሽ አስመጣ። አንድ ክዳን ፈሳሽ ለአንድ ባልዲ ውሃ። በረጠበ ፎጣ ማበስ፣ በደረቅ ማድረቅ፣ አለቀ።

ሰው ግን እንዴት ይመነው! ጡረተኛዋ አስተማሪ ደግሞ ባሱበት። ጥቁር መኪናቸውን እንደ መስታወት አብለጭልጮ ቢያስረክባቸው፣ «ሳታለቀልቀው? እኔን ልትሸውድ!» ብለው በዚያ ፀሐይ አንድ ጀሪካን ውሃ ከጣሪያው ጀምረው አወረዱበት። እሱ ፎጣ ሳያነሳም መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

በማግስቱ እየተቆጡ መጡ። መኪናው ደርቆ በቀረ የውሃ ጠብታ ነጭ በነጭ ተዥጎርጉሯል።

«ይኸው ጉድህ! ይሄ እጥበት ነው?»

«እትዬ፣ የኔ እጥበት ትናንት ታጥቦ ሄዷል» አለ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ እያየ። «ይሄ የእርስዎ ነው።»

 አስተማሪዋ ሰው እንዳይሰማቸው ግራ ቀኙን አይተው ጠጋ አሉት።

«ፈሳሹን የት ነው የሚሸጡት?»

«ቀለም ነጋዴዋ ጋ። ጀሪካኗን ግን አደራ፣ ቤት ያስቀምጧት።»