ምሳ ሰዓት ላይ የምትጠፋው ኮምፒውተር

«ሮቤ ከተማ ብርድ ነው፣ ትንሿ ኮምፒውተር ሙቀት አያሰጋትም» ብዬ ለመሥሪያ ቤታችን ያስገዛሁት እኔው ነኝ። ታዲያ የካርታ ሥራ ጭኜባት ምሳ ወጥቼ ስመለስ በየቀኑ ግላ፣ ጠፍታ አገኛታለሁ። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ፤ ማራገቢያዋን ቀየርኩ፤ ያው ናት። አለቃዬ «አንተ አይደለህ የመረጥካት?» ካሉኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። የሚያጽናናኝ የጽዳት ሠራተኛችን አዴ ፋጡማ ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው የሚያመጡልኝ ዳቦ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ምሳዬን ትቼ በድንገት ተመለስኩ። አዴ ፋጡማ በፎጣ የተሸፈነ ሳፋ ኮምፒውተሯ አናት ላይ ጭነው፣ የሙቀት መውጫዋን ደፍነውታል።

«አዴ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ሊጥ ነዋ። በዚህ ብርድ ሌላ የት ይቦካል?»

«እኔ እኮ በዚህች ኮምፒውተር ልባረር ነው!»

«ውይ ልጄ! ያ የምትወደው ዳቦ ታዲያ በምን የቦካ መስሎህ ነበር?»